ጎዴል «ሥርዓት ሁሉ ጎዶሎ ነው» ብሏል ወይ?

ከዚራ ንባብ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለቅዳሜው የድሬ የንባብ ውይይት አራት ገጽ ጽሑፍ ተዘጋጅቷል፤ ርዕሱ «ሒሳብና የእውነት ወሰን» ነው። ሦስት ቦታዎች ላይ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ሳያያቸው ባይቀርቡ ይሻላል። እንዳሉ ላስፍራቸው፦

አንደኛ፦ «ጎዴል በ1931 ማንኛውም ሥርዓት ጎዶሎ መሆኑን አረጋገጠ። ስለዚህ ሕግም ሆነ ሃይማኖት ወይም መንግሥት ራሱን በራሱ ሊያጸና አይችልም።»

ሁለተኛ፦ «የሰው አእምሮ ማሽን የማያየውን እውነት ስለሚያይ ኮምፒውተር አይደለም፤ ይህም በሒሳብ ተረጋግጧል።»

ሦስተኛ፦ «ዜኖ ተጓዥ ግቡ ላይ አይደርስም ያለውን ካልኩለስ ውድቅ አድርጎታል።»

የሚቆረጥ ካለ ይቆረጥ፤ ግን ምክንያቱን ንገሩኝ፤ ቅዳሜ ጠያቂው ብዙ ነው።

ደቻቱ ማዶ፦

ከአንደኛው ልጀምር። አቦ፣ ይህ ዓረፍተ ነገር ከሒሳብ ሊቁ ከጎዴል ቲዎረም (በማረጋገጫ የጸና የሒሳብ ውጤት) ማሰሪያ አንቀጹን ብቻ ነው ያስቀረው። በአማርኛ «ከሆነ» ይቀድማል፣ ማሰሪያው ይከተላል፤ እዚህ ግን ከፊት ያለው ሁሉ ተጥሎ ጭራው ብቻ ተይዟል። ሙሉው ይህ ነው፦

አንድ ፎርማል ሥርዓት (ምልክቶቹና የማረጋገጫ ሕጎቹ አስቀድመው የተወሰኑለት) (ሀ) የትኛው ዓረፍተ ነገር አክሲዮም፣ ማለትም ያለ ማረጋገጫ የሚወሰድ መነሻ፣ እንደሆነ ፕሮግራም ሊለየው የሚችል ከሆነ፣ (ለ) በ0፣ 1፣ 2፣ 3… ላይ መደመርንና ማባዛትን የሚገልጽ በቂ አሪትሜቲክ ካለው፣ (ሐ) እርስ በርሱ የማይጋጭ ከሆነ፣ በራሱ ቋንቋ ተጽፎ ሳለ ሥርዓቱ ሊያረጋግጠውም ሊያፈርሰውም የማይችል ዓረፍተ ነገር ይኖራል። ጎዴል በ1931 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከ(ሐ) ጠንከር ያለ ነገር ጠይቆ ነበር፤ ወደዚህ ያቀለለው ሮሰር ነው፣ በ1936።

አሁን ቅድመ ሁኔታዎቹን አንድ በአንድ አውጥታችሁ የሚሆነውን እዩ።

ማባዛትን አውጡ፦ ፕሬስበርገር በ1929 መደመር ብቻ ያለው አሪትሜቲክ ሙሉ መሆኑን አሳየ። በዚያ ቋንቋ የሚጻፍ ማንኛውም ዓረፍተ ነገር ወይ ይረጋገጣል ወይ ይፈርሳል፤ የትኛው እንደሆነም ማሽን ሊወስን ይችላል። ይበልጥ የሚያስገርመው ታርስኪ ያሳየው ነው፦ በሪል ቁጥሮች (በቁጥር መስመር ላይ ባሉት ሁሉ) ላይ መደመርም ማባዛትም ያለው ሥርዓት ሙሉ ነው፤ ኤለመንታሪ ጂኦሜትሪም እንደዚሁ። ሪል ቁጥሮች ከተፈጥሮ ቁጥሮች እጅግ ይበዛሉ፤ ነገር ግን በዚያ ቋንቋ 0፣ 1፣ 2፣ 3…ን ለይቶ ማውጣት ስለማይቻል የጎዴል መንገድ አይሠራም። ስለዚህ «ሥርዓቱ ሲሰፋ ይጎድላል» የሚለውም ልክ አይደለም።

(ሀ)ን አውጡ፦ የአሪትሜቲክን እውነቶች በሙሉ አክሲዮም አድርጋችሁ ውሰዱ። ሥርዓቱ ሙሉ ይሆናል፤ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ሲሰጣችሁ አክሲዮም መሆን አለመሆኑን የምትለዩበት ዘዴ የላችሁም።

(ሐ)ን አውጡ፦ እርስ በርሱ የሚጋጭ ሥርዓት ሁሉንም ነገር ያረጋግጣል፤ የሚጎድለው የለም፤ የሚረባም አይደለም።

የከተማ ደንብ ወይም ቀኖና ፎርማል ቋንቋ የለውም፤ የማረጋገጫ ሕጉ አልተቆጠረም፤ ማባዛትም የለበትም። ቲዎረሙ ስለነዚህ በጎም ክፉም አይናገርም።

«ራሱን በራሱ ሊያጸና አይችልም» የተባለው ከሁለተኛው ቲዎረም የመጣ ይመስላል። እሱ የሚለው እንዲህ ያለ ሥርዓት «እርስ በርሴ አልጋጭም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ራሱ ሊያረጋግጠው አይችልም ነው። ሌላ ሊያረጋግጥለት ይችላል፤ ጌንትሰን በ1936 ለፔአኖ አሪትሜቲክ (ለ0፣ 1፣ 2፣ 3… መደበኛው የአክሲዮም ሥርዓት) አድርጎታል፣ ከሥርዓቱ በሚያልፍ የማረጋገጫ ዘዴ። ደግሞስ ሥርዓቱ ስለ ራሱ ቢመሰክር ምን ይጠቅማል? የሚጋጭ ሥርዓትም «አልጋጭም» የሚለውን ያረጋግጣል፤ የማያረጋግጠው የለምና።

የጀጎል ልጅ፦

ደቻቱ ማዶ ያለውን ሁሉ ተቀብዬ ከቋንቋ በኩል ልጨምር፤ ግማሹ ጥፋት ያለው በትርጉም ላይ ነው።

«ሥርዓት» በአማርኛ ስንት ነገር ነው? ሥርዓተ ቅዳሴ፣ ሥርዓተ መንግሥት፣ ሥርዓት ያለው ልጅ። «ፎርማል» የምትለዋን ቃል ካነሳህ አንባቢው በቀጥታ ወደ መንግሥት ይሄዳል፤ የጽሑፉ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገርም የሄደው በዚያው ነው። «ጎዶሎ»ም እንዲሁ ሥራ ያለው ቃል ነው፤ የመኪና ታርጋ ሙሉና ጎዶሎ ሲባል ሌላ ነው፣ ሰው ጎዶሎ ሲባል ደግሞ ነውርን ያመለክታል። የሰውዬው ስምም ለአማርኛ ጆሮ «ጎደለ»ን ስለሚመስል ቃሉ በቀላሉ ይጣበቅበታል። «ያለመሟላት ቲዎረም» ብትል እመርጣለሁ፤ ቢያንስ «ከምን አንጻር ያልተሟላ?» ብሎ ያስጠይቃል።

ይህ የቃል ወጥመድ ከጎዴል ጋር ብቻ የመጣ አይደለም። ቶፖሎጂ በሚባለው የሒሳብ ዘርፍ ውስጥ «ክፍት» እና «ዝግ» የሚባሉ ስብስቦች አሉ። የጀጎል በር ወይ ተከፍቷል ወይ ተዘግቷል። በቁጥር መስመር ላይ ግን ከ0 እስከ 1 ያለው፣ 0ን ጨምሮ 1ን የማይጨምረው ክፍል፣ ክፍት ያልሆነ ዝግም ያልሆነ ነው፤ መላው መስመር ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ነው። ስለ «ክፍት ማኅበረሰብና ዝግ ማኅበረሰብ» እየጻፈ ቶፖሎጂን ምስክር የሚጠራ ሰው የበርን ትርጉም ይዞ የስብስብን ስም ጠራ ማለት ነው።

«ኢራሽናል ቁጥር»ም ምክንያት የራቀው ቁጥር ማለት አይደለም፤ በሁለት ሙሉ ቁጥሮች ሬሾ የማይጻፍ ማለት ነው፣ እንደ 2 ስኩዌር ሩት። «ኢማጂናሪ» የሚለውን ስም ያወጣው ደግሞ ዴካርት ነው፣ በ1637፤ ፈላስፋው ራሱ ያወጣው ስም ኋላ የመጡትን ፈላስፎች ግራ አጋባ። የኔጌቲቭ 1 ስኩዌር ሩት የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ኦልተርኔቲንግ ከረንትን የሚያሰላበት የዕለት መሣሪያ ነው። ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ተንታኝ ላካን ኢራሽናልንና ኢማጂናሪን አምታትቶ ስለ ሰው ነፍስ እንደጻፈ ሶካልና ብሪክሞን በ1997 አሳይተዋል። በእሱ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም።

ከዚራ ንባብ፦

አመሰግናለሁ። ግን አንደኛውን ዓረፍተ ነገር የጻፈው ከባዶ ተነስቶ አይደለም። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሬዢስ ዴብሬ ማንኛውም ማኅበረሰብ ከውስጡ ባሉ ነገሮች ብቻ ሊዘጋ እንደማይችል፣ ከላይ ወይም ከውጭ የሆነ መሠረት እንደሚያስፈልገው ጽፎ ከጎዴል ጋር አያይዞታል። ሐሳቡ ራሱስ ስህተት ነው?

ደቻቱ ማዶ፦

ሐሳቡ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃው ከታሪክና ከሶሲዮሎጂ ይምጣ። ከጎዴል ግን አይመጣም። ፈላስፋው ዣክ ቡቭሬስም በ1999 ዴብሬን የተቸው በዚህ ነው፦ ንጽጽር ሆኖ የገባው ነገር መሃል ላይ ማረጋገጫ ሆኖ ይገኛል።

ደግሞ «ከውጭ መሠረት ያስፈልጋል» ሲባል የውጩ ከፍ ያለ፣ የተለየ ነገር ይመስላል። በሒሳቡ ግን ውጩ ሌላ ሥርዓት ነው፣ እሱም የራሱ ያልወሰነው ዓረፍተ ነገር ያለው። ምሳሌ፦ በ1944 ጉድስታይን ስለ አንድ ዓይነት የቁጥር ተከታታይ ቲዎረም አረጋገጠ። ቁጥሩን በ2 ፓወሮች ትጽፈዋለህ፣ ፓወሮቹንም ጭምር፤ 2 ባለበት ሁሉ 3 ትተካለህ፤ 1 ትቀንሳለህ፤ ቀጥሎ 3ቱን በ4 ትተካለህ፣ 1 ትቀንሳለህ፣ እያልህ ትሄዳለህ። ከ3 ብትነሳ 3፣ 3፣ 3፣ 2፣ 1፣ 0 ብሎ ያልቃል። ከ4 ብትነሳ 4፣ 26፣ 41፣ 60 እያለ ወደ ላይ ይነጉዳል። ጉድስታይን ከየትም ብትነሳ መጨረሻው 0 መሆኑን አረጋገጠ። ከርቢና ፓሪስ በ1982 ይህ በፔአኖ አሪትሜቲክ ውስጥ ሊረጋገጥ እንደማይችል አሳዩ። አያችሁ፣ «የማይረጋገጥ» የተባለው ነገር በሌላ ሥርዓት ተረጋግጦ ተቀምጧል። «የማይረጋገጥ እውነት» ብሎ ጽፎ በየትኛው ሥርዓት እንደሆነ አለመጻፍ ርቀትን ያለ መነሻ እንደ መናገር ነው፤ «50 ኪሎ ሜትር» ከየት?

አባ ቅኔ፦

ልጆች፣ እንዴት አመሻችሁ። ስከታተላችሁ አንድ ነገር ታየኝ። ያ የጎዴል ዓረፍተ ነገር እንደ ሰምና ወርቅ አይደለም ወይ? ሰሙ ስለ ቁጥር ይናገራል፣ ወርቁ ግን «እኔ አልረጋገጥም» ነው። ማንጻጸሬ ልክ ካልሆነ አርሙኝ።

ደቻቱ ማዶ፦

አባ፣ እንደምን አመሹ። ይህን ንጽጽር ወድጄዋለሁ፤ የት ድረስ እንደሚሄድ እናያለን።

መጀመሪያ አሠራሩ። ለየምልክቱ ቁጥር ይሰጣል፤ ለምሳሌ ለ«0» 1፣ ለ«=» 3 ብንሰጥ፣ «0=0» የሚለው ሦስት ምልክት ያለው ዓረፍተ ነገር በፕራይም ቁጥሮች (2፣ 3፣ 5) ላይ ይወጣል፦ 2¹×3³×5¹፣ ማለትም 2×27×5 = 270። ተመልሶ ለማንበብ 270ን ወደ ፕራይም መበተን ነው፤ መበተኛው አንድ መንገድ ብቻ ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩ ሳይዛነፍ ይመለሳል። ማረጋገጫም የዓረፍተ ነገሮች ሰልፍ ስለሆነ የራሱ ቁጥር ይኖረዋል። «ይህ የዚያ ማረጋገጫ ነው» ማለት እንግዲህ በሁለት ቁጥሮች መካከል ያለ የመደመርና የማባዛት ግንኙነት ሆነ ማለት ነው። ጎዴል ከዚያ ተነስቶ «ቁጥሩ ይህ የሆነ ዓረፍተ ነገር ማረጋገጫ የሚሆን ቁጥር የለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ሠራ፤ የተጠቀሰው ቁጥርም የዚያው ዓረፍተ ነገር ቁጥር ሆኖ እንዲገኝ አደረገ። «ገ» እንበለው።

እስከዚህ ድረስ እርስዎ እንዳሉት ነው፤ አንድ ቃል ሁለት ንባብ አለው። የሚለያዩበት ግን ሁለት ቦታ አለ። በቅኔ ወርቁን የሚያወጣው ሰሚው ነው፤ ሁለት ሊቃውንት ሊከራከሩበት ይችላሉ። እዚህ መፍቻው አስቀድሞ የተቆረጠ ነው፤ ካልኩሌተር ያወጣዋል። ሁለተኛው ይበልጣል፦ በቅኔ ወርቁ ከተገኘ ሰሙ መንገድ ሆኖ ይቀራል። በጎዴል ግን ዋናው ሰሙ ነው። «ገ» ከላይ እስከ ታች ስለ ቁጥሮች የተነገረ የሒሳብ ዓረፍተ ነገር መሆኑ ነው ቲዎረሙን ቲዎረም ያደረገው። ወርቁን ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው «ውሸታም ነኝ» ካለው ሰው እንቆቅልሽ ጋር ያደባልቀዋል፤ «ገ» ደግሞ «ውሸት ነኝ» አይልም፣ «በዚህ ሥርዓት አልረጋገጥም» ነው የሚለው። የመጀመሪያው ተቃርኖ ያመጣል፣ ሁለተኛው አያመጣም።

አባ ቅኔ፦

ተባረክ። እንግዲህ ልጄ ከዚራ፣ ንጽጽሩን ብትጠቀምበት የሚለያይበትንም አብረህ ጻፈው። ያለዚያ ነገ «ጎዴል ቅኔ ተቀኘ» ተብሎ ይወራል።

ሳቢያን፦

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ግን አልስማማም፤ መቆየት አለበት። ፈላስፋው ሉካስ በ1961፣ የሒሳብና የፊዚክስ ሊቁ ፔንሮዝ በ1989 ያቀረቡት ክርክር ጠንካራ ነው። ማሽን ስጡኝ፤ ማሽኑ «ገ»ን ሊያረጋግጥ አይችልም፤ እኔ ግን «ገ» እውነት መሆኑን አያለሁ፤ ስለዚህ እኔ ያ ማሽን አይደለሁም። የትኛው እርምጃ ነው የተሳሳተው? ቅድመ ሁኔታዎቹ ሁሉ ተሟልተዋል እኮ።

ደቻቱ ማዶ፦

ጥያቄህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ይህኛው ከነዴብሬ ጋር አይቆጠርም። ሉካስ ቲዎረሙን ያውቃል። ችግሩ «ገ እውነት መሆኑን አያለሁ» የሚለው እርምጃ ላይ ነው።

ቲዎረሙ የሚሰጥህ «ማሽኑ እርስ በርሱ የማይጋጭ ከሆነ፣ ገ እውነት ነው» የሚለውን ነው። ይህን ከነ«ከሆነ»ው ያለውን ዓረፍተ ነገር ማሽኑ ራሱ ያረጋግጠዋል፤ ሁለተኛው ቲዎረም የተገኘውም ከዚሁ ነው። ስለዚህ እስከዚህ አንተና ማሽኑ እኩል ናችሁ። ከማሽኑ ለመብለጥ «ከሆነ»ውን ማንሳት አለብህ፤ ለዚያ ማሽኑ አለመጋጨቱን ማወቅ አለብህ። ትንሽ ማሽን ከሆነ ታውቅ ይሆናል። የአንተን አእምሮ ያህል የተወሳሰበ፣ አክሲዮሙ በሚሊዮን የሚቆጠር ፕሮግራም ቢቀርብልህ ግን በምን ታውቃለህ? የሎጂክ ሊቁን ፍሬጌን አስብ፤ ዕድሜውን የሠራበት ሥርዓት እንደማይጋጭ ያምን ነበር፤ ረስል በ1902 በጻፈለት ደብዳቤ ተቃርኖውን አሳየው። ፑትናም ይህንኑ ክፍተት በ1960 ጽፎታል፣ ከሉካስ አንድ ዓመት ቀድሞ።

ጎዴል ራሱስ? በ1951 ባደረገው ንግግር ያለው «ወይ… ወይ» ነው፦ ወይ የሰው አእምሮ ከማንኛውም ማሽን ይበልጣል፣ ወይ ሰው ፈጽሞ ሊፈታቸው የማይችል የአሪትሜቲክ ጥያቄዎች አሉ። እሱ ወደ መጀመሪያው ያደላ ነበር፤ ተረጋግጧል ግን አላለም።

ሳቢያን፦

«ከሆነ»ውን ማሽኑም ያረጋግጠዋል የሚለውን አላሰብኩትም ነበር። ያ ከሆነ «ተረጋግጧል» የሚለው ቃል መውጣት አለበት፤ ክርክሩ ግን እንደ ክርክር ይቅረብ እላለሁ።

ለገሃር፦

ስለ ጥንታዊው የግሪክ ፈላስፋ ስለ ዜኖ እኔ ልናገር። እዚህ ላይ የተሳሳተው ፈላስፋው ሳይሆን ሒሳብ ተማሪው ነው።

ከድሬ ሐረር ያለውን መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ብለን እንያዘው። ግማሹን ትሄዳለህ፣ ከቀረው ግማሹን፣ ከቀረው ደግሞ ግማሹን። ከ10 እርምጃ በኋላ የቀረህ 1/1024 ነው፣ 49 ሜትር ያህል። ካልኩለስ 1/2 + 1/4 + 1/8 + … = 1 ይላል። ግን ያ «=» ምን ማለት ነው? የማያልቅ ድምር ማለት ድምሮቹ የሚጠጉት ሊሚት ነው ብለን ስለወሰንን ነው። ድምሩ የዜኖን አንድ መነሻ ያፈርሳል፦ ቁጥራቸው ወሰን የሌለው ቁርጥራጮች ሲደመሩ የግድ ወሰን የሌለው ርዝመት ይሰጣሉ የሚለውን። «መጨረሻ የሌለውን የሥራ ዝርዝር መጨረስ ምን ማለት ነው?» ለሚለው ግን መልስ አይደለም።

ቶምሰን በ1954 ያመጣው መብራት ይህን ያሳያል። ከ1/2 ደቂቃ በኋላ አብራ፣ ከ1/4 በኋላ አጥፋ፣ ከ1/8 በኋላ አብራ… ጊዜው ተደምሮ ልክ 1 ደቂቃ ነው። በ1 ደቂቃ መብራቱ በርቷል ወይስ ጠፍቷል? የጊዜው ድምር ሊሚት አለው፤ የመብራቱ 1፣ 0፣ 1፣ 0 ሊሚት የለውም። ቤናሴራፍ በ1962 የሰጠው መልስ ተቃርኖ የለም፣ ትዕዛዙ ስለዚያች ቅጽበት ምንም አልተናገረም የሚል ነው። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። «ውድቅ አድርጎታል» ግን ይበዛል።

የጀጎል ልጅ፦

ይህን በማንሳትህ ደስ ብሎኛል፤ ፈላስፎችን ሁሉ ቲዎረም ዘራፊ አድርገን እንዳንጨርስ። ፈላስፋው በርክሌይ በ1734 የኒውተንን ካልኩለስ ሲተች የተናገረው የሒሳብ ሰዎቹ ራሳቸው ያልመለሱትን ነው። ርቀት የጊዜ ስኩዌር ነው እንበል፤ በ3ኛው ሰከንድ ፍጥነቱ ስንት ነው? ትንሽ ጊዜ «ቀ» ጨምር፦ (3+ቀ)² ሲቀነስ 9 = 6ቀ+ቀ²። ለ«ቀ» አካፍል፦ 6+ቀ። ከዚያ «ቀ»ን ጣልና 6 በል። በርክሌይ፦ ስታካፍል ቀ ዜሮ አይደለም አልህ፤ ስትጥለው ዜሮ ነው አልህ፤ በአንድ ማረጋገጫ ውስጥ ሁለቱን መያዝ አትችልም። መልሱ 6 መሆኑን አልካደም፤ የተቃወመው መንገዱን ነው። ኮሺ ከ1821 ጀምሮ፣ ከእሱም በኋላ ቫየርሽትራስ «ቀ»ን በሊሚት እስኪተኩት ድረስ ትችቱ ልክ ነበር። ነገሩ በዚህም አላለቀም፤ በ1960ዎቹ አብርሃም ሮቢንሰን እጅግ አናሳ ቁጥሮችን ያለ ተቃርኖ የሚይዝ ሒሳብ ሠራ። ዛሬ «እጅግ አናሳ ቁጥር ቅዠት መሆኑ ተረጋግጧል» ብሎ የሚጽፍ ፈላስፋ ካለ እሱም ዘግይቷል።

በርክሌይን ከዴብሬ የሚለየው ስሌቱን መስመር በመስመር መከተሉ ነው። ፈረንሳዊውን ፈላስፋ ባዲዩን በ1988 ሥራው ከየት እንደማስቀምጠው ግን እቸገራለሁ። የስብስብ ቲዎሪን አክሲዮሞች በደንብ ያውቃል፤ ስሌቱ ላይ አይስትም። «ባዶ ስብስብ የህላዌ ስም ነው» ሲል ግን ከአክሲዮሙ የሚወጣ አይደለም፤ እሱ የጨመረው ንባብ ነው። አክሲዮሙ አባል የሌለው ስብስብ አለ ብቻ ነው የሚለው። ንባቡን እንደ ንባብ ለሚያቀርብ ሰው ክልከላ የለኝም።

ከዚራ ንባብ፦

እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፤ እዩልኝ።

አንደኛ፦ «ጎዴል በ1931 ያሳየው ስለ ፎርማል ሥርዓቶች ነው፦ አክሲዮሞቹ በፕሮግራም የሚለዩ፣ የተፈጥሮ ቁጥሮችን መደመርና ማባዛት በበቂ የሚገልጽ፣ እርስ በርሱ የማይጋጭ ሥርዓት ሁሉ ሊረጋገጥ የማይችል እውነት አለው። ስለ ሕግና ስለ መንግሥት ከዚህ የሚወጣ ነገር የለም።»

ሁለተኛ፦ «ሉካስና ፔንሮዝ ከዚህ ተነስተው አእምሮ ማሽን አይደለም ብለው ተከራክረዋል፤ ክርክሩ የማሽኑን አለመጋጨት እናውቃለን በሚል ግምት ላይ ቆሟል።»

ሦስተኛ፦ «ካልኩለስ የዜኖን አንድ መነሻ ያፈርሳል፤ የማያልቅ ሥራን ስለ መጨረስ የቀረው ጥያቄ የቶምሰን መብራት እንደሚያሳየው የተለየ ነው።»

የአባ ቅኔን ንጽጽር ከነሁለቱ ልዩነቶቹ በግርጌ አስገብቻለሁ።

ደቻቱ ማዶ፦

ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥሩ ናቸው። አንደኛው ላይ «ሊረጋገጥ የማይችል እውነት» ያልከውን «ያ ሥርዓት ሊያረጋግጠው የማይችል እውነት» አድርገው፤ ጉድስታይንን አትርሳ። «ሊያረጋግጠውም ሊያፈርሰውም የማይችል» ልትል ብትፈልግ ደግሞ ሮሰርን ከ1936 ጋር ጨምርለት፤ «እርስ በርሱ የማይጋጭ» በሚለው ብቻ ያን ያሳየው እሱ ነውና። 270ን ደግሞ በሰሌዳ ላይ ሠርተህ አሳያቸው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።